አረንጓዴ ቴክኖሎጂና የተፈጥሮ ሀብት፤ ስለ ጢስ ዓባይ ውኃና ስለ ጎጃም ማገዶ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

የኤሌክትሪክ መብራት ጢስ የለውም፤ የሚቈረጥለትም ዛፍ የለም። ስለዚህ ከውኃ፥ ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘውን ኃይል፥ እንደዚሁም ማገዶ የሚቈጥበውን ምድጃ ሰዎች «አረንጓዴ ቴክኖሎጂ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ስም በተነሣ ቍጥር አንድ አሳብ ሳይመረመር አብሮት ይገባል፤ ይኸውም «መሣሪያው አረንጓዴ ከሆነ ከተፈጥሮ የምንወስደው ነገር ይቀንሳል» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሳብ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ በአንድ የታወቀ ስፍራ መርምሮ ማስረዳት ነው።

ስፍራው ጢስ ዓባይ ነው። ይህን ስፍራ የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ሐይቅ የሚወጣ አንድ ውኃ ሦስት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን ተራ በተራ አገልግሏል። ሁለተኛ፥ የጣቢያዎቹ መጠን የታወቀ ስለ ሆነ ማንም ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሒሳቡን ሊሠራው ይችላል። ሦስተኛ፥ የተገኘው ጥቅም በመብራት፥ የጐደለውም ነገር በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ከፏፏቴው ተነሥተን ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም አገር ማድ ቤት እንገባለን፤ ምክንያቱም ያው ጥያቄ በምድጃ ፊት ሲጠየቅ መልሱ ሌላ ሆኖ ይገኛልና።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ «በፈረንጅ» ካልተባለ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ቃሉ ትርጓሜ

የተፈጥሮ ሀብትን «መጠቀም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ይዟል። የመጀመሪያው ማጥፋት ነው፤ የነደደ እንጨት ዐመድ ሆኖ ይቀራል እንጂ እንደ ገና እንጨት አይሆንም። ሁለተኛው ማዛወር ነው፤ ተርባይን ያዞረ ውኃ ከመኪናው በታች ውኃ ሆኖ ይወጣል፤ ነገር ግን ይሄድበት በነበረው መንገድ አይሄድም። ሦስተኛው መያዝ ነው፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት አልጠፋም፤ ሆኖም ጤፍ ወይም በቈሎ አይዘራበትም። አንድ መሣሪያ ማጥፋትን እየቀነሰ ማዛወርን ወይም መያዝን ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ «ይቀንሳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ቍጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ለአንድ ሥራ የሚወጣው መጠን ነው፤ ለምሳሌ አንድ ምጣድ እንጀራ ለመጋገር የሚነደው እንጨት። ሁለተኛው በጠቅላላው የሚወጣው መጠን ነው፤ ይኸውም አገሩ በሙሉ በዓመት የሚያነደው እንጨት። ጥሩ መሣሪያ የፊተኛውን ቍጥር ይቀንሳል፤ ባይቀንስማ ጥሩ አይባልም ነበር። የኋለኛው ቍጥር ግን በመሣሪያው ብቻ አይወሰንም። ነገሩ ቀላል ስለ ሆነና ሥራው ስለ ተስፋፋ ሰው ይበልጥ ቢጠቀምበት፥ ጠቅላላው ሊቀንስ ይችላል፥ ባለበት ሊቆይ ይችላል፥ ሊጨምርም ይችላል።

ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ የጻፈው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ነው። በፈረንጅ በ1865 ስለ አገሩ የድንጋይ ከሰል ባወጣው መጽሐፍ፥ የጄምስ ዋት የእንፋሎት መኪና በጥቂት ከሰል ብዙ ሥራ ስለሚሠራ የእንግሊዝ የከሰል ፍጆታ እጅግ እንደ ጨመረ እንጂ እንዳልቀነሰ አስረድቷል። መኪናው ቈጣቢ በመሆኑ ርካሽ ሆነ፤ ርካሽ በመሆኑ በየፋብሪካው ገባ፤ በየፋብሪካው በመግባቱ ከሰሉ በብዛት ተቈፈረ። እኛም በዓባይ ላይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

፪. ሦስት ጣቢያዎችና አንድ ውኃ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ከባሕር ዳር አጠገብ ከወጣ በኋላ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከጥቁር ድንጋይ ገደል ላይ ይወርዳል። የገደሉ ከፍታ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት ማብቂያ ወንዙ ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውኃው ሲከሰከስ የሚነሣው ብናኝ ከሩቅ እንደ ጢስ ስለሚታይ ስፍራው ጢስ ዓባይ ተባለ። ይህም ብናኝ ለዓይን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ በገደሉ አፋፍና በግርጌው ያለውን ሣርና ዛፍ በበጋም ያረጥበው ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢጣልያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። ፋብሪካው ኃይል ስለሚያስፈልገው በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጕልበቱ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ከፏፏቴው በላይ ውኃው በቦይ ተጠልፎ፥ በገደሉ ጐን በቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። እንግዲህ አንዱ ጠብታ ወይ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል፥ ወይ በቧንቧው ይወርዳል፤ በሁለቱም ሊወርድ አይችልም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የኋላው ክርክር ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

በ1988 ዓ.ም. ሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ የጨረጨራ መገደቢያ ተሠርቶ አለቀ። መገደቢያው ጣናን እንደ ማጠራቀሚያ ጋን አደረገው፤ ክረምት የገባውን ውኃ ይዞ በበጋ እየመጠነ ይለቃል። የሐይቁን ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ልክ ውስጥ ለመቈጣጠር የታሰበ ሲሆን፥ በእነዚህ ሦስት ሜትሮች መካከል የሚያዘው ውኃ 9.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህም ከሐይቁ በአማካይ በዓመት የሚወጣውን ውኃ ሁለት እጥፍ ከግማሽ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል። በፈረንጅ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ73 ሜጋ ዋት ጕልበት ሥራ ሲጀምር፥ ለመገደቢያው አምስት ተጨማሪ በሮች ተሠሩለት።

ሦስተኛው ጣቢያ በፏፏቴው አጠገብ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ውኃው ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጕዞ ከመሬት በታች ወዳለው የመኪና ቤት ይወርድና በሌላ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይገባል። ጕልበቱ 460 ሜጋ ዋት ነው። በለስም ዞሮ ዞሮ ከዓባይ ጋራ ይገናኛል፤ ነገር ግን የሚገናኘው ከጢስ ዓባይ እጅግ ርቆ በቈላው አገር ነው።

፫. ሒሳቡ ምን ይላል?

ከውኃ የሚገኘው ኃይል በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በውኃው ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በያንዳንዱ ሴኮንድ አንድ ሜትር ቢወርድ፥ የመኪናው ብክነት ሳይታሰብ፥ 9.8 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከዚህ በታች በምናሳየው ሒሳብ ሁሉ ብክነቱን ትተነዋል፤ በተግባር ከተገኘው ኃይል ላይ አንድ ዐሥረኛ ያህል መቀነስ ይገባል። ለማነጻጸር ግን አያውከንም።

በጢስ ዓባይ መውረጃው 50 ሜትር ያህል ነው ብንል፥ በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ 490 ኪሎ ዋት ይሰጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጣቢያ በሙሉ ጕልበቱ ሲሠራ በሴኮንድ 23 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ 150 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ከሐይቁ በዓመት የሚወጣው 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ በዓመቱ ሴኮንዶች ቢካፈል የሚደርሰው 120 ሜትር ኩብ ነው። ሁለተኛው ጣቢያ ብቻውን በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ወንዙ በአማካይ ከሚያመጣው የበለጠ ይጠጣል ማለት ነው። የፏፏቴው መክሳት ምሥጢር የለውም፤ በዚህ መደብ ላይ ለድንጋዩ የቀረ ድርሻ አልነበረም።

አሁን ወደ በለስ እንሻገር። በለስ ላይ ውኃው የሚወርደው 310 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ 3,038 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ይህም ከጢስ ዓባዩ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ነገሩን ወደ ማድ ቤት አምጥተን እንየው። አንድ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ፥ በጢስ ዓባይ 26 ሜትር ኩብ ገደማ፥ ማለትም 130 በርሜል ውኃ መውረድ አለበት። በበለስ ግን 4 ሜትር ኩብ፥ ማለትም 20 በርሜል ገደማ ይበቃዋል። የአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ቍጠባ ማለት ይህ ነው፤ ቍጠባውም ትልቅና እውነተኛ ነው።

በዚህ ቍጠባ ምን ተደረገበት? የተፈለገው የሁለተኛውን የጢስ ዓባይ ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት በበለስ ማግኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በሴኮንድ 24 ሜትር ኩብ ውኃ ይበቃ ነበር። የቀረው 126 ሜትር ኩብ ወደ ፏፏቴው ሊሄድ ይችል ነበር። ሆኖም የተሠራው ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ እርሱም በሙሉ ጕልበቱ ሲሠራ በሴኮንድ 151 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠይቃል። ሁለቱን ቍጥሮች ጐን ለጐን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው ነገር አለ፤ የ73 ሜጋ ዋቱ መኪና 150፥ የ460 ሜጋ ዋቱ መኪና 151። ብልሃቱ ስድስት እጥፍ ተሻሽሎ የውኃው ጥማት ባለበት ቆመ። ቍጠባው ሁሉ ወደ ኃይል ተለወጠ እንጂ ወደ ውኃ አልተመለሰም።

ይህን ስንል በኃይሉ መገኘት አናዝንም። አገሩ መብራት ይፈልጋል። 73 ሜጋ ዋት በናፍጣ ሞተር ቢመረት በየሰዓቱ ወደ 18 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይነድ ነበር፤ ያም ናፍጣ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ከናፍጣ ጋራ ሲነጻጸር ውኃው ማጥፋትን አስቀርቷል። ጥያቄያችን ግን «አስቀረ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ፈንታ?» የሚለውም ነው።

፬. ውኃው ካልጠፋ ምን ጐደለ?

«ውኃው ወንዝ ውስጥ አለ፤ ጠብታ አልጠፋም፤ ታዲያ ምን ተጠቀማችሁ ይባላል?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ከፊሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የውኃ ጥቅሙ በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በስፍራውና በወራቱ ነው።

ስለ ወራቱ ሐይቁ ራሱ ምስክር ነው። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያንስና ለኃይል የሚለቀቀው ውኃ ሲበዛ፥ የጣና ወለል በሰኔ 1995 ዓ.ም. ከ1,784 ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። መርከቦቹ ለመሄድ 1,785 ሜትር ስለሚያስፈልጋቸው አራት ወር ያህል ጕዞው ተቋረጠ። በዳርቻው ያለው ደንገል በብዙ ስፍራ ደረቀ፤ ውኃው የሸሸበትን መሬትም ገበሬዎች አረሱት። ደንገል ለታንኳ ሠሪው መሣሪያ፥ ለዓሣውም መራቢያ መሆኑን ያገሩ ሰው ያውቃል። የውኃው ጠቅላላ መጠን በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢገኝም፥ በሚያስፈልግበት ወር በሚያስፈልግበት ዳርቻ አልተገኘም።

ስለ ስፍራው ደግሞ ፏፏቴው ይመሰክራል። ድሮም ቢሆን በሚያዝያና በግንቦት ወንዙ ይከሳ እንደ ነበረ መካድ አይገባም፤ በመስከረም የሚታየውን ግርማ ዓመቱን ሁሉ መጠበቅ ስሕተት ነው። ነገር ግን ከመገደቢያው በኋላ ውኃው የሚታየው በተፈጥሮ ወራቱ ሳይሆን በበሩ ጠባቂ ትእዛዝ ሆነ። የውኃ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፥ ፏፏቴው ያለበት የወንዙ ክፍል የተፈጥሮ ኑሮው እንዲጠበቅ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ፥ ማለትም ከዓመቱ ፍሰት 22 በመቶ ያህሉ እንደሚያስፈልገው ገምተዋል። ይህ በሴኮንድ 27 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት በድንጋዩ ላይ ያለፈው ውኃ ከዚህ ልክ በታች ነበር።

በጢስ ዓባይ ከተማ ያለው ሰው ስለ ፏፏቴው የሚያስበው ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም። መንገድ መሪው፥ በጀልባ አሻጋሪው፥ ቅልና ጥበብ የሚሸጡት ሴቶች፥ ቡና የምታፈላውም ሳትቀር ኑሮአቸው ከእንግዳው እግር ጋራ የተያያዘ ነው። በጥር ወር መጥቶ ጥቁሩን ድንጋይ ብቻ ያየ እንግዳ ለሌላ ሰው የሚያወራው ይታወቃል። ከዚያ የተመረተው ኃይል ጥቅሙ ለአገር ሁሉ ተካፈለ፤ የጐደለው ግን በአንድ ቀበሌ ላይ ተከመረ።

ከዋሻው ማዶም አንድ ነገር እንጨምር። በበለስ የሚወጣው ውኃ በከፊል ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ታስቧል። ተርባይን ያዞረ ውኃ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ እርሻ የጠጣው ውኃ ግን በአብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። እንግዲህ አንዱ አረንጓዴ ሥራ ለሌላው መንገድ እየጠረገ፥ በማዛወር የተጀመረው ነገር በማጥፋት ሊፈጸም ይችላል።

፭. ከፏፏቴው ወደ ምድጃው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ዛሬም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይሠራል። የኤሌክትሪኩ መስመር በእርሻቸው ላይ እያለፈ እንጀራቸውን በሦስት ጉልቻ የሚጋግሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በአገራችን ከዐሥሩ ቤት ዘጠኙ ገደማ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፥ በኩበት፥ በቃርሚያና በከሰል ነው። ከዚህም ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው የእንጀራ ጋገራ ነው። ስለዚህ የጎጃም ደን ዕጣ የሚቈረጠው ከተርባይን ቤት ይልቅ በማድ ቤት ነው።

በገጠሩ እጅግ የሚጠቅመው መሣሪያ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። ምጣዱን በዙሪያው ከድኖ እሳቱን ስለሚሰበስብ ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቈጥባል። ለከተማው ደግሞ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ አለ፤ እርሱም ከተራው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ታዲያ የጄቮንስ ሕግ እዚህም ይሠራል? የምርጥ ምድጃ ባለቤት ማገዶ ስለ ተረፋት ሁለት እጥፍ እንጀራ ትጋግራለች?

አትጋግርም። በዚህ ላይ ነው ምድጃው ከጣቢያው የሚለየው። የቤተ ሰቡ ቍጥር የታወቀ ነው፤ የጤፉም ልክ የታወቀ ነው። ሆድ ልክ አለው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ልክ የለውም። መስመሩ ወደ ገበያ ሁሉ ይደርሳል፤ በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቁት የዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የሚያሳዩት፥ ኃይል በተገኘበት ሁሉ አዲስ ፈላጊ እንደሚነሣ ነው። ስለዚህ ልክ ባለው ጕዳይ ላይ የመጣ ቈጣቢ መሣሪያ ጠቅላላውን ፍጆታ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ልክ በሌለው ጕዳይ ላይ የመጣው ግን በአብዛኛው ፍላጎትን ያሰፋል።

ይህም ሲባል ከምድጃው የሚገኘው ቍጠባ ሁሉ በደን ይቀራል ማለት አይደለም። የሚያፈስሱት ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው፥ ምርጡ ምድጃ ለእንጀራ ብቻ ስለሚሆን ወጡ፥ ቡናውና የጠላው ቂጣ በቀድሞው ጉልቻ ላይ ይቀራሉ። ሁለተኛው፥ ከቤት የተረፈው እንጨት ወደ ከተማ ወጥቶ ሊሸጥ ወይም ከሰል ሊሆን ይችላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገበያ ማገዶ ዋጋ እስካለው ድረስ፥ በአንድ ቤት የተረፈው ሸክም በሌላ ቤት መንደዱ አይቀርም። ከማገዶው ሌላ ግን ምድጃው የጢሱን መጠን ይቀንሳል፤ ኩበቱም ከእሳት ተርፎ ወደ ማሳው ቢመለስ መሬቱን ያዳብራል። እናቶቻችን በዓይናቸውና በሳንባቸው የከፈሉትን ዋጋ ስናስብ፥ ለዚህ ብቻ እንኳ ምድጃው የሚገባው ነው።

፮. ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ፀሐይ መብራት

ባሕር ዛፍ በዘመኑ አረንጓዴ ቴክኖሎጂ እንደ ነበረ እንዘነጋለን። በ1880ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው የአዲስ አበባን የእንጨት ችግር ለማቃለል ነበር፤ ችግሩንም አቃልሏል። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው በየዳሩ የተከመረውን አጣና ሲያይ ዛፉ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ መሆኑን ይረዳል። በሀገረ ሰቡ ደን ላይ የነበረውን ሸክም በከፊል ወስዷል፤ ነገር ግን ማሳውን ይዟል፥ ውኃውንም ይጠጣል፥ ከሥሩም እህል በደኅና አይበቅልም። ሸክሙ ከአንዱ ሀብት ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ተላለፈ።

የፀሐይ መብራትም እንዲሁ ነው። ኩራዝን አስወጥቶ ለተማሪ ልጅ ንጹሕ ብርሃን ሰጥቷል። ግን መብራቱ የሚሠራበት ብረት፥ መስተዋትና የባትሪው ማዕድን ከአንድ ስፍራ ተቈፍሮ የመጣ ነው። ባትሪው ሲሞት የሚሰበስበው ከሌለ በማሳ ዳር ይጣላል። የዕቃው ዕድሜ በረዘመና በተጠገነ መጠን ይህ ወጪ ይቀንሳል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ብንጠቀልለው እንዲህ ይሆናል። አረንጓዴ ቴክኖሎጂ ለአንድ ሥራ የሚወጣውን የተፈጥሮ ሀብት ይቀንሳል፤ ይህ አያከራክርም። ጠቅላላውን የሚቀንሰው ግን ፍላጎቱ በራሱ ልክ ሲኖረው፥ ወይም ሰዎች ልክ ሲያበጁለት ብቻ ነው። ቍጠባ የመሣሪያ ሥራ ነው፤ መተው ግን የሰው ሥራ ነው።

በጢስ ዓባይ ላይ ይህ ነገር ከወትሮው ይበልጥ ይከብዳል። ለፏፏቴው የተገመተው በሴኮንድ 27 ሜትር ኩብ በጢስ ዓባይ ቧንቧ ዋጋው 13 ሜጋ ዋት ነበር። ይኸው ውኃ በበለስ ዋጋው 82 ሜጋ ዋት ነው፤ ከሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሙሉ ጕልበት ይበልጣል። መሣሪያው ብልህ በሆነ መጠን በድንጋዩ ላይ የሚቀረው ውኃ ይወደዳል፤ ውኃውን ለፏፏቴው መተውም ይበልጥ ያስቈጫል። እንግዲህ «ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ፏፏቴው ራሱ ይመለሳል» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሒሳቡ የሚገፋው ወደ ተቃራኒው ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ብለን እናምናለን። ከ120 ሜትር ኩብ ላይ 27ቱ ለፏፏቴው ቢሰጥ 93 ይቀራል። ይህ በበለስ ሲወርድ፥ ብክነቱ ሳይታሰብ፥ 280 ሜጋ ዋት ገደማ ዓመቱን ሁሉ ይሰጣል፤ ይኸውም የሁለተኛውን የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሙሉ ጕልበት አራት እጥፍ ሊያህል ጥቂት ነው የሚቀረው። ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጕልበት ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለፏፏቴው የሚለቀቀው 82 ሜጋ ዋት ከዚህ ሁለት በመቶ አይሞላም፤ ግድቡ በአማካይ ከጕልበቱ ሢሶውን ብቻ ቢሠራ እንኳ አምስት በመቶ አይሞላም። በድንጋዩ ላይ ያለፈውም ውኃ ወደዚያው ግድብ መውረዱ አይቀርም።

ስለዚህ አሳባችን አጭር ነው። የፏፏቴው ድርሻ ወር በወር ተለይቶ ይጻፍ፤ የተለቀቀውም መጠን ለባሕር ዳርና ለጢስ ዓባይ ሕዝብ በየጊዜው ይገለጽ። በድርቅ ዓመት ድርሻው ቢቀነስ እንኳ ምን ያህል እንደ ተቀነሰና ለምን እንደ ተቀነሰ ይነገር። ድርሻው ካልተጻፈ ውኃው ሁልጊዜ ወደሚያተርፍበት ይሄዳል፤ ይህም የማንም ክፋት ሳይሆን የሒሳብ ጠባይ ነው።

ለጓደኞቻችንም አንድ ሥራ እንተዋለን። ለዕረፍት ወደ ቡሬ፥ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ሌላ አገራችሁ ስትሄዱ፥ በቤታችሁ ለአንድ ጋገራ የሚነደውን እንጨት በሚዛን መዝናችሁ፥ ምርጥ ምድጃ ካለ ያለውንና የሌለውን አነጻጽራችሁ፥ የተረፈውም ማገዶ የት እንደ ደረሰ ጠይቃችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቍጥር ሚዛን ይነግራችኋል፤ ሁለተኛውን ግን የምትነግራችሁ እናታችሁ ናት። ለጥያቄያችን ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው።